አሉታዊ የራስ ንግግርን መተካት

የራስ ንግግር ሰው በልቡ ወይም በለሆሳስ ለራሱ የሚናገረው ነው። «እኔ ድሮም አይሆንልኝም» ማለት አሉታዊ ነው፤ «ይህ ዳገት ከብዶኛል፤ ፍጥነቴን ቀንሼ ልጨርሰው» ማለት አዎንታዊ። አሉታዊውን ለይቶና መርምሮ በሚጠቅም ቃል መተካት በሥነ ልቦና ሕክምናና በስፖርት ሥልጠና የታወቀ ዘዴ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በ1934 በታተመ መጽሐፉ፣ ሕፃን እየተጫወተ ለራሱ ጮክ ብሎ የሚናገረው ሲያድግ ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ ምንጩም ከሌሎች ጋር የሚነጋገረው እንደሆነ አስረድቷል። ልጅን «ሰነፍ» እያሉ የሚያሳድጉ ወላጆችና መምህራን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ፣ የድብርት ታማሚዎች ሳይፈልጉት ብቅ የሚል፣ ራሳቸውን የሚነቅፍ ሐሳብ እንደሚመላለስባቸው አስተውሎ ሐሳቡን በማስረጃ የሚፈትን ሕክምና መሠረተ።

ሥራው የሚጀምረው ሐሳቡን እንዳለ በመያዝ ነው። በሳጉሬ ከተማ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የሒሳብ መለማመጃ ሠርቶ ውጤቱን ሲያይ «ደደብ ነኝ» አለ እንበል። ቃሉን ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል፤ ከጎኑ ማስረጃውን ያሰፍራል። ከ10 ጥያቄ 4 ስቷል፤ 6 መልሷል፤ የሳታቸው አራቱም የሎጋሪዝም ናቸው። ምትኩ እንግዲህ «ጎበዝ ነኝ» አይደለም፤ «ሎጋሪዝም ገና አልገባኝም፤ ነገ መምህሩን እጠይቃለሁ» ነው። ቃሉ እውነት ስለሆነ ያምነዋል፤ ነገ የሚሠራውንም ያሳየዋል።

ባዶ ውዳሴ ግን ሊጎዳ ይችላል። በካናዳ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ተሳታፊዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ እንዲደጋግሙ ሲደረግ ስሜታቸው ይበልጥ ተበላሸ። «ራስህን አድንቅ» ብቻ የሚሉ የማነቃቂያ ንግግሮች ይህን ይዘነጉታል።

በስፖርት ውጤቱ ተለክቷል። በ2014 በወጣ ሙከራ፣ ሁለት ሳምንት አበረታች የራስ ንግግር የተለማመዱ ሰዎች አቅማቸው እስኪያልቅ ብስክሌት የነዱበት ጊዜ በ18 በመቶ ገደማ ረዝሟል፤ ድካሙም ቀሎ ተሰምቷቸዋል።

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሳጉሬ ያለችው በሯጮች አገር ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። በዚህ ደጋ ልምምዱ የቡድን ነው። ወደ ኋላ የቀረውን የፊተኞቹ «አይዞህ፣ በርታ፣ ና!» ይሉታል፤ ብቻውን ሲሮጥም ይህንኑ ለራሱ ሊለው ይችላል። «ይቻላል» የሚለው የኃይሌ መፈክርም ለብዙ ኢትዮጵያዊ የራሱ ቃል ሆኗል።

ያው ኃይሌ በኖቬምበር 2010 የኒው ዮርክን ማራቶን በጉልበት ሕመም አቋርጦ ወጣና በዚያው ዕለት ሩጫ በቃኝ አለ። ብዙም ሳይቆይ ውሳኔውን አጠፈ፤ በተከታዩ ሚያዝያ የቪየናን ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። በልቡ ያለውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሆኖም ሕመምና ሐዘን በበረቱበት ሰዓት ስለ ነገ የሚቆረጥ ፍርድ እንደማይጸና ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ዘዴው ድህነትን፣ ግፍን ወይም በሽታን አያስወግድም፤ የሚያለቅስን ሰው «በጎ በጎውን አስብ» ብሎ ዝም ማሰኛም መሆን የለበትም። ራስን የሚያንኳስሰው ሐሳብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሣ፣ በተለይም ሞትን የሚያስመኝ ከሆነ ግን ለብቻ የሚታገሉት ጉዳይ አይደለም። ለሚያምኑት ሰው ነግረው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።