ዋስ፣ ወረቀትና ግምት
በኮልፌ ቀራንዮና በአዲስ አበባ ተከራይን አስቀድሞ የመለየት ታሪክ

በኢትዮጵያ ልማድ የመሸበት መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ነው። ማንነቱ የሚጠየቀው እግሩን ከታጠበና እህል ከቀመሰ በኋላ ነው፤ ሲነጋ መንገዱን ይቀጥላልና። ተከራይ ግን እንግዳ አይደለም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ የውጭ በር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ከባለቤቱ ጋር ለወራትና ለዓመታት የሚኖር ሰው ስለ ሆነ ጥያቄው ገና ከደጅ ሳለ ይቀርብለታል። የት ይሠራል? ቤተሰቡ ስንት ነው? ቀድሞ የት ይኖር ነበር? ለምንስ ለቀቀ? ይህን የሚጠይቅ አከራይ የሚፈራው የታወቀ ነው፦ ኪራዩን የማይከፍል፣ ጎረቤት የሚያውክ፣ ቤቱን የሚያበላሽ፣ ልቀቅ ሲባልም የማይለቅ ሰው።

እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ይቻላልን? የአዲስ አበባ፣ በተለይም የምዕራብ ዳርቻዋ የኮልፌ ቀራንዮ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ብዙ ነገር ይዟል። አከራዮች በየዘመኑ የተማመኑባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ የሰው ምስክርነት፣ ወረቀትና ግምት። ሁለቱ በደከሙ ጊዜ ቦታቸውን የሚወስደው ሦስተኛው ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተውም እርሱ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰፈሮችዋ የተመሠረቱት በመኳንንቱና በጦር አለቆች ግቢ ዙሪያ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ሰው የሚታወቀው የማን ሎሌ ወይም የማን ዘመድ እንደ ሆነ በመጠየቅ ነው። ዋስ መጥራት ራሱ ከከተማዋ የቀደመ ሥርዓት ሲሆን፣ ፍትሐ ነገሥትም ስለ መያዣና ስለ ዋስትና ይደነግጋል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሲመሠረት ከተማዋ ወደዚያው አቅጣጫ ተሳበች። ከመርካቶ በስተምዕራብ የሚገኘው ኮልፌም በንግድና በእጅ ሥራ ለሚተዳደሩ፣ ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ ሰዎች መኖሪያ ሆነ። አዲስ መጪው ብቻውን ቤት አይፈልግም፤ ቀድሞት የመጣ የአገሩ ልጅ ይዞት ይሄዳል፣ ስለ እርሱም ይናገርለታል። ይህ ምስክር በእድር ወይም በእቁብ ከአከራዩ ጋር የሚገናኝ በሆነ ጊዜ ተከራዩ ቢያጠፋ የሚያፍረው እርሱ ነው። የዋስትናው ኃይል የሚመነጨው ከዚሁ እፍረት ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትናን በጽሑፍ ሥርዓት አሰረው። በሕጉ ቁጥር 1725 መሠረት የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በቁጥር 1922 ደግሞ ዋስትና በግምት የማይወሰድ፣ በግልጽ የሚነገር ሲሆን፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተመለከተ ውሉ ዋጋ የለውም። ለሕግ ባለሙያ ግልጽ የሆነው ይህ ድንጋጌ በተራው አከራይ ዘንድ በቀላሉ ይዘነጋል። «ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ፊርማው ቢበዛም የገንዘቡ ልክ ካልተጻፈበት በክርክር ጊዜ አይጸናም። አከራዩ ዋስ አለኝ ብሎ ተማምኖ ሳለ ዋስ እንደሌለው የሚያውቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ይሆናል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲታወጅ የመምረጡ ሥልጣን ከባለቤቱ እጅ ወጣ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶችን ወደሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላለፉ፤ የአነስተኛ ቤቶችም ኪራይ ተቀነሰ። ነዋሪውን መዝግቦ የሚያውቀውና መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ሆነ። ለብዙ ድሀ ተከራይ ይህ ከባለቤት ፊት ከመቆም የገላገለው ለውጥ ነበር። ይሁን እንጂ የቤት እጥረቱ ስላልተወገደ በአንድ ጣሪያ ሥር በደባልነት መኖር ቀጠለ። በሕግ ያልታወቀ ኪራይ ደግሞ ውል ሊጻፍበት፣ ዋስም ሊጠራበት አይችልም። ስለዚህ ደባል የሚያስገባ ሰው የቀረው መለኪያ ትውውቅና ግምት ብቻ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ ቤት ማከራየት ዳግም በግልጽ የሚሠራ ሥራ ሆነ። ከተማዋም ወደ ዳር እየሰፋች አየር ጤና፣ ዓለም ባንክና ቤተል የብዙ ተከራዮች ሰፈሮች ሆኑ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ኮልፌ ቀራንዮ አንዱ ነበር። በእነዚህ ሰፈሮች ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራው ሰርቪስ ቤት የሚከራየው አብዛኛውን ጊዜ በደላላ አማካይነት ነው። ደላላው ቀድሞ የአገር ልጅ ይቆምበት በነበረው ቦታ ቆመ፤ ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው። የአገር ልጅ ተከራዩ ባጠፋ ጊዜ ያፍራል፤ ደላላው ግን ኮሚሽኑን የሚቀበለው ውሉ በተፈረመ ዕለት ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው አይጠየቅም። ስለዚህ «ጨዋ ሰው ነው» የሚለው የደላላ ቃል የምስክርነት መልክ እንጂ ክብደት የለውም።

ምስክር ሲጠፋ ግምት ይገባል። ላጤ ይረብሻል፣ ልጅ የበዛበት ቤት ያበላሻል፣ ከዚህ አገር የመጣ አይታመንም የሚሉ አባባሎች የሚወለዱት ከዚህ ነው። ግምት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከኮልፌ ቀራንዮ መውጣት አያሻም። በዘነበ ወርቅ ሆስፒታል፣ በኋላም በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው አለርት አካባቢ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ለሥጋ ደዌ ሕክምና የመጡ ሰዎች ሰፍረው ቀርተዋል፤ ወደ ወገናቸው ተመልሶ መኖርም ሆነ በሌላ ሰፈር ተቀባይነት ማግኘት ለብዙዎቹ አስቸጋሪ ነበርና። የዓለም ጤና ድርጅት በ1974 ዓ.ም. ባወጣው ምክር መሠረት በብዙ መድኃኒቶች ቅንጅት የሚሰጠው ሕክምና ከተስፋፋ ወዲህ በሽታው ይድናል፤ ሕክምና የጀመረ ሰውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። በእጅና በፊት ላይ የቀረው ጠባሳ ግን በመልክ ለሚፈርድ ሰው በሽታ ሆኖ ይታያል። ኪራዩን በወቅቱ የሚከፍል ሰላማዊ ሰው በዚህ ምክንያት ከደጅ ሲመለስ፣ መልኩ ያማረ ዕዳ ከፋይ ያልሆነ ሰው ሊገባ ይችላል።

መንግሥትም ወረቀትን ለራሱ ዓላማ የተጠቀመበት ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት የአዲስ አበባ አከራዮች የተከራዮቻቸውን ማንነት ለፖሊስ እንዲያሳውቁ ታዘው ነበር። መታወቂያ ማየት ውል ለመዋዋል የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቶ የጥበቃ ሥራ ሲሆን፣ አከራይና ተከራይ የሚተያዩበት ዓይን ይለወጣል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጉዳዩን አዲስ መልክ ሰጥቶታል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ይህ ተከራዩን ከድንገተኛ ጭማሪና ከመባረር የሚጠብቅ ነው። በሌላ ወገን የአከራዩ ስሕተት ዋጋ ከፍ ስላለ በግምት የመምረጥ ፈተናውም አብሮ ከፍ ብሏል። ለስድስት ወር ይሞከር ይባል የነበረው ሰው አሁን ለሁለት ዓመት ይገባልና፣ የሚያጠራጥረውን ሁሉ በሩቁ መመለስ የሚቀናው አከራይ ሊበዛ ይችላል።

ውል የሚያዘጋጁና የሚያማክሩ ባለሙያዎች ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። ተከራይን የሚያስቸግር የሚያደርገው ትውልዱ፣ ሃይማኖቱ፣ ላጤነቱ ወይም መልኩ አይደለም፤ አለመክፈሉ፣ ማወኩና ማበላሸቱ ነው። እነዚህ ደግሞ የሚመረመሩ ነገሮች ናቸው። የቀድሞ አከራዩ ኪራዩን በወቅቱ ይቀበል እንደ ነበር መናገር ይችላል። የሥራ ቦታው ደብዳቤ መሥራቱን ያረጋግጣል። የገንዘቡ ልክ የተጻፈበት የዋስትና ውል በፍርድ ቤት ይጸናል። በርክክብ ዕለት የቤቱ ሁኔታ ከበር ቁልፍ እስከ ቆጣሪው ቁጥር ተጽፎ ሁለቱም ከፈረሙበት በሚለቀቅበት ዕለት ክርክር አይኖርም። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የኮልፌ የቀድሞ አከራይ አንድ የአገር ልጅ ጠርቶ ያገኘው የነበረውን መተማመኛ የዛሬው አከራይ የሚያገኘው በዚህ ሥራ ነው፤ ተከራዩም በመልኩ ከመዳኘት የሚድነው በዚሁ ነው።