ነጠላችንና የሰው ዐይን

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እዚሁ ክርያት ቢያሊክ በአንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1993፣ ወደ አገር በገባን በሁለተኛው ዓመት ነበር። እናቴ ዘመድ ሞቶባት ወደ ሐይፋ ለቅሶ ልትደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ማለትም ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገቷ አዙራ፣ አውቶቡስ ትጠብቃለች። እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ አስተርጓሚዋም እኔው ነኝ። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ እናቴን ከላይ እስከ ታች አዩና ፈገግ ብለው፣ «ማዛል ቶቭ! ሙሽራው ማን ነው?» አሉ። እናቴ ከዚህ ሁሉ የገባት «ማዛል ቶቭ» የሚለው ብቻ ነው። መልካም ምኞት መሆኑን ስለምታውቅ አንገቷን ደፋ አድርጋ «ቶዳ» አለቻቸው። እኔ ምላሴ ተሳሰረ።

ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነጭ ልብስ ያዩ፣ ሠርግ መሰላቸው። ጥለቱ ወዴት እንደዞረ ማየት ማን አስተምሯቸው!

በጎንደር ክፍለ ሀገር ነጠላ የእኛ የቤተ እስራኤል ብቻ ልብስ አልነበረም። በወገራም፣ በደምብያም፣ በስሜንም የሚኖረው ክርስቲያን ያንኑ ሸማ ይለብሳል። እንዲያውም ከአባቶቻችን ብዙዎቹ ሸማኔዎች ስለነበሩ፣ የእኛ ሰው የሸመነውን ጎረቤት ለብሶት ይሄድ ነበር። በገበያ ቀን ሰው የሚለየው በልብሱ ሳይሆን በአንገቱ ነው፤ ክርስቲያኑ ማተብ ያስራል፣ የእኛ ሰው አያስርም። ከዚያ ውጭ የሚታወቀው በሥራው ነው፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ደግሞም ባዕድ የነካው ሰው በወንዝ ውኃ ሳይታጠብ ወደ መንደር አይገባም ነበርና «አትንኩኝ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። በዚያም አገር የሰው ግምት አልቀረልንም። ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ሕፃን በታመመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ እኛ ነበር። ሸማው ግን ከሳሹንም ተከሳሹንም ያለብሳቸው የነበረ አንድ ልብስ ነው።

ያ ልብስ «የኢትዮጵያውያኑ ልብስ» የሆነው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ፣ ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ደጋግመው ያሳዩት ነጭ ለብሰው ከአውሮፕላን የሚወርዱ ሰዎችን ነበር፤ የአንዳንዱም ግንባር ላይ የቁጥር ወረቀት ተለጥፎበታል። የአገሩ ሰው እኛን ያወቀው በዚያ ሥዕል ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላቋረጠም። ጫፉ ላይ ያሉትን ክሮች አይቶ «ይህ ታሊት ነው?» የሚል አለ፤ የታሊት ጺጺት ግን በአራቱ ማዕዘን የሚቋጠር እንጂ እንደ ነጠላ ዘርፍ በጫፉ ሁሉ የሚወርድ አይደለም። «ዛሬ ኪፑር ነው እንዴ?» ብሎ የሚቀልድም አለ።

ከሁሉ የሚከብደው «ክርስቲያን ናችሁ?» የሚለው ነው። በፋሲካቸው ሰሞን ነጭ ለብሰው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ዴር ሡልጣን የሚመጡ የኢትዮጵያ ክርስቲያን ተሳላሚዎችን ያየ ሰው፣ በስግድ ቀን ቄሶቻችንን በነጭ ጥምጣምና በባለጌጥ ጃንጥላ ሲያይ ሊምታታበት ይችላል። ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል፣ ስግድ ደግሞ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውል የጾምና የኦሪት በዓል ነው። እስከ 2008 ድረስ ግን በሕግ የታወቀ የአገር በዓል እንኳ አልነበረም። ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 ይሁዲነታችንን በቃላቸው ካጸኑ በኋላም፣ እንደገና ውኃ ውስጥ ጥለቁ ስለተባለ፣ በ1985 መጸው ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም በዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃውመዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ እግረ መንገዱን የሚጠይቅ ሰው ለእርሱ ተራ ነገር ቢሆንም፣ ለወላጆቻችን ያው ቁስል መነካቱ ነው።

እኔም ጠያቂዎቹን ሸሸሁ። በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን «እማዬ፣ ነጠላውን ተይው» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ከጎረቤት ጃኬት ተውሳ መጣች፤ እጅጌው ረዝሞባት ጣቶቿ አይታዩም ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ጃኬቱን ያዋሱን ሽማግሌ ጎረቤታችን በልጅነታቸው ከጀርመን የመጡ ነበሩ። አንባቢ እንደሚያውቀው ክርያት ቢያሊክን በ1934 የመሠረቷት ከጀርመን የፈለሱ ይሁዲዎች ናቸው፤ ስሟንም ያገኘችው በዚያው ዓመት ካረፈው ከባለቅኔው ከሐይም ናሕማን ቢያሊክ ነው። እነዚህን ሰዎች አገሩ ሁሉ «ዬኬ» ይላቸዋል። ብዙዎች እንደሚሉት ቃሉ የመጣው ከጃኬት ነው፤ በዚህ ሙቀት ኮታቸውን አናወልቅም ብለው መሳቂያ ሆነው ነበርና። በበርሊን ጃኬት የሁሉም ሰው ልብስ ነበር፤ እዚህ ሲደርስ መጠሪያቸው ሆነ። ሽማግሌው የእናቴን ነጠላ ባዩ ጊዜ ሠርግም ለቅሶም አላሉም፤ «ይህን እንዴት ነው የምትለብሱት?» ብለው ጠየቁ። ካስረዳኋቸው በኋላ ከቁም ሣጥናቸው ኪትል የሚባለውን ነጭ ቀሚስ አውጥተው አሳዩን። በዮም ኪፑር ይለበሳል፣ ሰው ሲሞትም ይገነዝበታል። እናቴ በእጇ ዳበሰችውና፣ «እነሱም ያውቁታል» አለችኝ።

ስለ ልብስና ስለ እንግዳ ዐይን ሲነሣ የስኮትላንድን ሰዎች ነገር ማንሣት ሳይጠቅም አይቀርም። ኪልት የሚሉት ባለመስመር ሽንሽን የወንድ ጉርድ አላቸው፤ የለበሰውን ሁሉ ሰው «ለምን የሴት ቀሚስ ለበስክ?» ይለዋል። አንዱ ስሕተት ይህ ነው። ሌላው፣ ከጥንት ጀምሮ ስኮትላንዳዊ ሁሉ ይለብሰው ነበር ብሎ ማሰብ ነው። በእርግጥ የደጋው ሰው ልብስ ነበር። ከ1745ቱ ዐመፅ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት በ1746 በሕግ ከለከለው፤ ከወታደር በቀር ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሰራል፣ ከደገመ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤድንበርግን ሲጎበኝ ግን ቆላውም ደጋውም ለብሶት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሁሉ ምልክት ሆነ።

በ1770 ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስም ስኮትላንዳዊ ነበር፤ ግን የቆላ ሰው ነው። ጎንደሮች ያቆብ እያሉ ይጠሩት ነበር፤ እርሱም የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ አማርኛ ተናግሮ፣ በቤተ መንግሥት ፈንጣጣ አክሟል። ስለ አባቶቻችንም በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። ለንደን ተመልሶ ያየውን ሲናገር ግን ብዙዎች ውሸታም አሉት። የጎንደርን ሸማ የለበሰው ስኮትላንዳዊ በገዛ ወገኖቹ ዘንድ አለመታመኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወጣቶች አንዳንድ ጊዜ ለሚጠይቅ ሰው ምን እንበል ይሉኛል። በእኔ አስተያየት ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ለሚቀልድ ዝም ማለት ይቻላል፤ ከልቡ ለሚጠይቅ ግን ስሙን በአማርኛ ነግሮ ጥለቱን ማሳየት ይበቃል። «እንደ ታሊት ያለ ነገር ነው» ብሎ ነገር ማሳጠር ግን አልወድም፤ ታሊት አይደለምና።

እናቴ ዛሬ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ዕብራይስጧም ከገበያ ያለፈ አይደለም። ባለፈው ክረምት ለቅሶ ስንሄድ በዚያው ፌርማታ አንዲት ወጣት፣ «እንዴት ያምራል! በዓል ነው?» አለቻት። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝና «ሎ፣ ኤቬል» አለች፤ ኀዘን ነው ማለቷ ነው። ከዚያ የነጠላዋን ጥለት ከአንገቷ ላይ ገለጥ አድርጋ አሳየቻት፤ ለሠርግ ሲሆን ወደ ታች እንደሚወርድም በእጇ አመለከተቻት። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አውቶቡሱ እስኪመጣም ጥለቱን ማን እንደሸመነው ትጠይቃት ነበር።