ኳስን አቅንቶ የመምታት ታሪክ፦ ከገና ሜዳ እስከ ጎልፍ ሜዳ

ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ጋላባትን አልፎ ወደ ባሱንዳና ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ይጨቀያል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ይሰነጣጠቃል። በእንዲህ ያለው መሬት ላይ ኳስን በዱላ መትቶ ወዳለመበት አቅጣጫ ለመስደድ የሚሞክር ሰው፣ ኳሷ ስትጣመምበት ጥፋቱ የእጁ ይሁን የመሬቱ ለመለየት ይቸገራል። የኳስና የዱላ ጨዋታ ታሪክ በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ መልስ የመፈለግ ታሪክ ነው፤ ይኸውም «ኳሷ ለምን ተጣመመች?» የሚለው ነው።

በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ጥንታዊ ምሳሌ ገና ነው። በታኅሣሥ ወር የልደት በዓል ሲቃረብ፣ ጎረምሶች ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ በአንዳንድ አገር ጥንግ፣ በሌላው ደግሞ ሩር የምትባለውን ኳስ ወደ ተጋጣሚው ዳርቻ ለማድረስ ይታገላሉ። የሚያሠለጥን መምህር የለም፤ ልጁ ታላላቆቹን እያየ፣ እየሳተና እንደገና እየሞከረ ይማራል። በዚህ ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚባለው ልማድ ለትምህርትም ትርጉም አለው። መሳት የማያስፈራው ሰው ደጋግሞ ለመሞከር ይደፍራልና።

ጎልፍ ግን ያደገው በስኮትላንድ የባሕር ዳር ሣር ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1457 የስኮትላንድ ምክር ቤት ሕዝቡ ለጦርነት የሚያስፈልገውን የቀስት ልምምድ ትቶ በጎልፍና በእግር ኳስ ተጠምዷል በማለት ሁለቱንም ጨዋታዎች ከለከለ። ይሁን እንጂ በ1502 ንጉሥ ጄምስ አራተኛ ራሱ የጎልፍ ዱላ ገዛ፤ የሸጠለትም በፐርዝ ከተማ የሚኖር ቀስት ሠሪ ነበር።

የጥንቱ የጎልፍ ኳስ ላባ የታጨቀበት የቆዳ ከረጢት ሲሆን፣ ዋጋው ውድ፣ ዕድሜው አጭር ነበር። በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባለው የዛፍ ሙጫ የተሠራ ርካሽ ኳስ መጣ። አዲሱ ኳስ ልሙጥና ያማረ ቢሆንም በአየር ላይ በደንብ አይሄድም ነበር። ተጫዋቾቹም አንድ አስገራሚ ነገር አስተዋሉ፤ ኳሱ በዱላ ተመትቶ ሲቧጠጥና ሲቆራረጥ፣ ከአዲሱ ይልቅ አካሄዱ ያማረ ይሆናል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ገና ከመነሻው ገጹን በመዶሻ ያጎደጉዱት ጀመር። በ1905 እንግሊዛዊው ዊልያም ቴይለር ዛሬ የምናያቸውን ክብ ጎድጓዶች በኳስ ገጽ ላይ አወጣ።

ሳይንስ ምክንያቱን ማስረዳት የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። ኒውተን በ1672 በጻፈው ደብዳቤ፣ በሰያፍ የተመታ የቴኒስ ኳስ እየሾረ አቅጣጫውን እንደሚስት ጠቅሷል። የኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ፒተር ታይት ደግሞ በ1890ዎቹ ኳሱ ላይ ረጅም ጥብጣብ አስሮ፣ ከተመታ በኋላ ጥብጣቡ ስንት ጊዜ እንደተጠማዘዘ በመቁጠር የኳሱን ሽክርክሪት ለካ። ወደ ኋላ የሚሾር ኳስ አየሩ ወደ ላይ እየደገፈው ርቆ እንደሚሄድም አስረዳ። ልጁ ፍሬድሪክ ታይት በ1896 እና በ1898 የአማተሮች ሻምፒዮን ነበር፤ በ1900 በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ሞተ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኳስ የሚቀናው በጉልበት አይደለም። ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት የዱላው ፊት ወደ ዒላማው ሊያይ፣ ዱላው የሚጓዝበትም መስመር ከዚያው ጋር ሊገጥም ይገባል። ሁለቱ ከተለያዩ ኳሱ በጎኑ ይሾራል፤ ይጣመማልም። እንግዲህ ይህን ሳያውቅ መቶ ጊዜ የሚመታ ሰው፣ ስሕተቱን መቶ ጊዜ ያጠናዋል። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ከእያንዳንዱ ስሕተት አንድ ነገር ያርማል። አሜሪካዊው ቤን ሆጋን በ1949 ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ከቆሰለ በኋላ፣ በ1950 የአገሩን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። በልምምድ ትጋቱ የታወቀው ይህ ሰው የእያንዳንዱን ምት ምክንያት የሚመረምር ተጫዋች ነበር።

ይህ ታሪክ እኛን መምህራንን በቀጥታ ይመለከታል። በተማሪው ደብተር ላይ የኤክስ ምልክት አድርገን ስናልፍ፣ ኳሷ እንደተጣመመች ነገርነው እንጂ ለምን እንደተጣመመች አላስተማርነውም። ከዚያም «ደጋግመህ ሥራ» ብለን እንሰደዋለን። እርሱም ያንኑ ስሕተት ይደጋግማል፤ በመጨረሻም ሰነፍ የሚል ስም ይለጠፍበታል። ይህ ስም አንድን ልጅ ከትምህርት ገበታ ሊያርቅ ይችላል።

የተቧጠጠችውን ኳስ ጥለዋት ቢሆን ኖሮ ምሥጢሯ አይገኝም ነበር። የሳተውንም ተማሪ ከመፍረዳችን በፊት አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እንመልከትለት፤ ስሕተቱ የተጀመረበትን ቦታ እናሳየው፤ ከዚያ በኋላ ልምምዱን እንስጠው። ያን ጊዜ መደጋገሙ ፍሬ ይኖረዋል።