ድምፅ ግድግዳን አልፎ የሚሰማው እንዴት ነው? ስሌቱስ?

ወፍጮ ቤት በመኖሪያ ቤቶች አጠገብ ሊተከል ሲታሰብ ጎረቤትን የሚያሳስበው ግድግዳው ድምፁን ማገድ መቻሉ ነው። ይህን ግንባታው ከመጀመሩ በፊት በኮምፒውተር ማስላት ይቻላል።

ድምፅ የአየር ግፊት መዋዠቅ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በብረት ውስጥ ግን ከ5 ሺህ ሜትር በላይ። ብረት ከአየር እጅግ የከበደና የጠነከረ በመሆኑ፣ ወፍራም ብረት ላይ በቀጥታ ከሚያርፈው የድምፅ ጉልበት ከ99 ነጥብ 9 በመቶ በላዩ ተመልሶ ይነጥራል። ታዲያ የጣሪያ ቆርቆሮ ድምፅን ለምን ያሳልፋል? ስስ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ሁለመናውን ያንቀጠቅጠዋል፤ እርሱም በወዲያኛው ወገን ያለውን አየር ይገፋል። አየሩ አልፎ አይሄድም፤ ቆርቆሮው ራሱ እንደ ከበሮ ቆዳ አዲስ ድምፅ ያወጣል።

ስሌቱም የሚነሣው ከዚሁ ነው። አየሩ ግድግዳውን ይገፋል፤ ግድግዳውም በተራው አየሩን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ አንዱን ለብቻ ማስላት አይበቃም፤ ሁለቱ በሚነካኩበት ገጽ ላይ ተያይዘው በአንድነት ይፈታሉ። ለዚህም አየሩና ግድግዳው በትንንሽ ክፍልፋዮች ይከፈላሉ፤ በአንድ የሞገድ ርዝመት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ያህል ክፍልፋይ እንዲኖር ይመከራል። የ100 ኸርዝ ጎርናና ድምፅ ሞገድ በአየር ውስጥ 3 ነጥብ 4 ሜትር ነው፤ የ1 ሺህ ኸርዙ ግን 34 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ድግግሞሹ አሥር እጥፍ ሲያድግ የአየሩ ክፍልፋዮች ሺህ እጥፍ ይሆናሉ። ይህ ለኃይለኛ ኮምፒውተርም ሊከብድ ይችላል፤ በመሆኑም ለቀጫጭን ድምፆች መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ አማካይ የጉልበት ፍሰትን ብቻ ያሰላሉ።

ለተራ ግድግዳ ቀላል ሕግ አለ፦ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያግደው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል። የጭቃ ግድግዳ ከቆርቆሮ የተሻለ ጸጥታ የሚሰጠው በክብደቱ ነው። ጎርናና ድምፅ ግን ከቀጭኑ ይልቅ በቀላሉ ያልፋል፤ የሞተር ጉርምርምታ ሩቅ የሚሰማውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

ክፍተት ግን ሁሉን ያበላሻል። ከግድግዳው ስፋት አንድ በመቶው ክፍት ከሆነ፣ የቀረው ምንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ ማገድ አይቻልም። ሞተሩ ከግድግዳው ጋር በተያያዘ ወለል ላይ በቡሎን ከታሰረም ንዝረቱ አየርን ሳይሻ በጠጣሩ አካል ውስጥ ይሄዳል። ያን የሚቀንሰው ከሞተሩ ሥር የሚነጠፍ ተስማሚ ጎማ ወይም ከቤቱ የተለየ መሠረት ነው፤ ይህን መንገድ ያላካተተ ስሌትም ከእውነታው ያነሰ ድምፅ ያሳያል።