ከብርሃን ጋር የማይሽቀዳደም ሰዓት

ሌዘር፣ ብርሃን የሚቀበል ዳዮድ እና አንድ አርዱኢኖ አላችሁ እንበል። በእነዚህ የርቀት መለኪያ መሥራት ይቻላል? ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብርሃኑን ወደ ግድግዳው ትልካላችሁ፣ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀበትን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝታችሁ ለሁለት ታካፍላላችሁ። በቃ። ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው።

ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 4 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ 27 ናኖ ሰከንድ ይበቃዋል። በ16 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አርዱኢኖ ግን አንዴ ለመምታት ብቻ 62.5 ናኖ ሰከንድ ይፈልጋል። ሰዓቱ ገና "ቀጭ" ሳይል ብርሃኑ ሄዶ ተመልሷል! በርቀት ሲሰላ አንድ ምት ማለት 9.4 ሜትር ነው። ታዲያ እንዲህ ባለ ሰዓት ክፍል እንዴት ይለካል?

ጥያቄው ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመ መጽሐፉ ፋኖስ ይዘው ተራርቀው ስለሚቆሙ ሁለት ሰዎች ጽፏል። አንዱ ፋኖሱን ሲገልጥ፣ ሌላው ብርሃኑን እንዳየ የራሱን ይገልጣል። ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ግን ብርሃን ጊዜ ይፍጅበት አይፍጅበት እንኳ መለየት አልተቻለም። የሰው እጅ ዘገምተኛ ነዋ!

በ1849 ፈረንሳዊው ኢፖሊት ፊዞ ሌላ መንገድ መረጠ። ፓሪስ አጠገብ ካለው ሱሬን ተነስቶ፣ 8.6 ኪሎ ሜትር ርቆ ሞንማርትር ላይ ወደቆመ መስታወት ብርሃን ላከ። ብርሃኑ የሚያልፈው 720 ጥርስ ባለው መዘውር ክፍተቶች በኩል ነበር። መዘውሩ በሰከንድ 12.6 ጊዜ ገደማ ሲሽከረከር፣ በክፍተት የወጣው ብርሃን ሲመለስ ጥርስ ይጋርደዋል፤ ተመልካቹም ጨለማ ያያል። ፊዞ የሰከንድን 18,000ኛ ክፋይ የለካው እንዲህ ነው፤ ፈጣን ሰዓት ሳይኖረው! ያገኘው ፍጥነት ዛሬ ከምናውቀው የበለጠው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

በ1940ዎቹ ስዊድናዊው ኤሪክ በርግስትራንድ በመዘውሩ ፈንታ ብርሃንን በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜያት በኤሌክትሪክ የሚያፈካና የሚያደበዝዝ መሣሪያ ተጠቀመ። መጀመሪያ በሚታወቅ ርቀት የብርሃንን ፍጥነት ለካ፤ ከዚያ ነገሩን ገልብጦ በሚታወቀው ፍጥነት ርቀት ለካ። ጂኦዲሜትር የተባለው የቀያሾች መሣሪያ ከዚህ ወጣ። በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሲሠራ ደግሞ ቀጭን፣ ሩቅ የሚደርስ ጨረር ተገኘ።

ወደ አርዱኢኗችን እንመለስ። ሌዘሩ በሌላ ሰርኪዩት አማካኝነት በ10 ሜጋኸርዝ ይፍካና ይደብዝዝ። የወጣውንም የተመለሰውንም ሞገድ ከ9.99 ሜጋኸርዝ ሞገድ ጋር ስናደባልቃቸው ልዩነቱ፣ 10 ኪሎኸርዝ፣ ይወጣል። ደስ የሚለው ነገር፣ በሁለቱ ሞገዶች መካከል ያለው የዑደት መዘግየት አይጠፋም፤ በጊዜ ግን 1,000 ጊዜ ይለጠጣል። ያው ዘገምተኛ ሰዓት አሁን ይደርስበታል። አንድ ምት 9.4 ሜትር መሆኑ ቀርቶ፣ በስሌት ደረጃ፣ 9.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ፈጣን ቺፕ መግዣ የሌለው ተማሪ ከፊዞ የሚወርሰው ይህንን ነው፦ ሰዓታችሁ ለጥያቄው ካልፈጠነ፣ ጥያቄውን ሰዓታችሁ በሚችለው ፍጥነት ጠይቁት። ስትሞክሩት ግን ጨረሩ የማንም ዓይን ውስጥ እንዳይገባ አደራ።