የቫይታሚን ኤ እንክብል
ጄላቲን፣ የአትክልት ዘይት፣ ሬቲኖል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በዘመቻ የታደለው ዓይነት። ከባሕር ማዶ የመጣ።

ጫፉ በመቀስ ተቆርጦ ዘይቱ በሕፃን አፍ የሚንጠባጠበው ይህ ቀይ እንክብል፣ 200,000 ዓለም አቀፍ አሃድ ቫይታሚን ኤ የያዘ ሲሆን፣ ገብስና ድንች በሚዘወተርበት እንደ ጋይንት ባለው ደጋ፣ ወተትና ጎመን በሚጎድልበት ወራት፣ ሲመሽ ኃይለ ርእይን የሚጋርደውን ዳፍንት ለመከላከል፣ ከ12 እስከ 59 ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት በየስድስት ወሩ ይሰጣል፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት ግማሹን የያዘው ሰማያዊው ነው።

አንድ ጊዜ የተዋጠው ለወራት መብቃቱ በእውነት የሚደነቅ ነው። ቫይታሚኑ በጉበት ውስጥ በልዩ ሕዋሳት፣ እህል በጎተራ እንደሚከተት፣ ይከማቻል፤ ሰውነት ሲሻው ደግሞ ሌሎቹ የጉበት ሕዋሳት የሚሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በኒው ዮርክ ተመራማሪዎች ተለይቶ የታወቀው ሬቲኖል ተሸካሚ ፕሮቲን ተቀብሎት፣ ትራንስታይሬቲን ከተባለ ሁለተኛ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ፣ በኩላሊት ሳይባክን በደም ወደ ዓይንና ወደ ሌላው አካል ያደርሰዋል። ስለዚህ በጽኑ ረኃብ ፕሮቲን ያጣ ሕፃን፣ በጉበቱ ያለውን እንኳ እንደሚገባ ማውጣት ይሳነዋል።

የቫይታሚኑ መጠን ሲበዛና ሲዘወተር ግን ዐፅምን ሊያሳሳ ስለሚችል፣ ሰጪዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቀኑን ትመዘግባለች።