ባክፋየር፦ «ተመላሽ እሳት» እና «የማርሚታ ተኩስ»

አፋር ውስጥ፣ ጭፍራ ገበያ ዳር አንድ ባጃጅ ነዳጅ ለቆ ቁልቁል ሲወርድ ድንገት «ዷ!» ካለ ፍየሎቹ ይበረግጋሉ፣ ሻይ የያዘውም ሰው ዞር ይላል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጭፍራ ድረስ ዘልቆ ነበርና የአንዳንዱ ሰው ፊት ቶሎ አይፈታም። ሹፌሩ ቀልጠፍ ብሎ «አይዟችሁ፣ ባክፋየር ነው» ይላል፤ ባጃጁም እየተንተፋተፈ መንገዱን ይቀጥላል።

«ባክፋየር» ወደ ጋራዥ ቋንቋችን ዘግይቶ የገባ ቃል ነው። የመካኒክ አማርኛ ጣሊያንኛ ይበዛበታል፤ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቦቢና፣ ፍሪሲዮን፣ ሚኒሞ እየተባለ ነው ሙያው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው። እንግሊዝኛው ደግሞ ከህንድ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ጋር፣ ከመመሪያ መጽሐፉና ከዩቲዩቡ ጋር ተከትሎ ገባ። ቃሉ ለሞተር ከመዋሉ በፊት ሌላ ሥራ ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሰፋሪዎች ሰደድ እሳት ሲመጣባቸው ከፊቱ ያለውን ሣር ራሳቸው ቀድመው እያቃጠሉ መንገዱን ይዘጉበት ነበር፤ ባክፋየር የተባለው መጀመሪያ ያ እሳት ነው። ኋላ ለሞተር ዋለ፣ ከዚያም በጠንሳሹ ላይ ለዞረ ሤራ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ለሤራው እኛ የቃል ችግር የለብንም። የቸገረን የሞተሩ ነው።

መካኒኮች እርግጥ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ «ይተኩሳል» ይላሉ፣ «ያስነጥሳል» የሚልም አለ። እኔ እንደማየው እነዚህ ሁለት ግሦች ከእንግሊዝኛው ቃል ይሻላሉ፤ ምክንያቱም ባክፋየር በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ብልሽቶችን ይሸፍናል። አንደኛው እሳት ከሲሊንደሩ ወደ መጣበት፣ ማለትም በካርቡራቶሩ በኩል ወደ አየር ማጣሪያው ሲመለስ ነው። ሁለተኛው ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን ማርሚታው (ጭስ ማስወጫው) ውስጥ ሲፈነዳ ነው። ጠንቃቃ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎችም ይህን ሁለተኛውን ለይተው «አፍተርፋየር» ይሉታል፤ ተራው ተናጋሪ ግን ሁሉንም ባክፋየር ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው «ተመላሽ እሳት»፣ ለሁለተኛው «የማርሚታ ተኩስ» ብንል ይበጃል ባይ ነኝ። ቃል በቃል ተተርጉሞ «የኋላ እሳት» የሚል አይቻለሁ። አልወደድኩትም። የባጃጅ ሞተር ከነማርሚታው ከተሳፋሪው ጀርባ ነው፤ የኋላ ያልሆነ ምን አለው?

ስም መለየቱ ለወግ ብቻ አይደለም። ድምፁ የወጣበት ቦታ የብልሽቱን ሰፈር ይናገራል። በአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ልማድ፣ በዳጉ፣ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ የት፣ መቼ ተባብለው ሳይጠያየቁ አይለያዩም። ቁልፍ ከማንሳት በፊት ሞተሩም እንደዚያ ይጠየቃል። የተኮሰው በካርቡራቶሩ በኩል ነው ወይስ በማርሚታው? ነዳጅ ሲሰጠው ነው ወይስ ሲለቀቅ? ቀዝቃዛ እያለ ነው ወይስ ከጋለ በኋላ?

ዛሬ በብዛት የምናያቸው ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር አላቸው። ሞተሩ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ 25 ጊዜ ያቃጥላል። እያንዳንዱ ቃጠሎ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ሳለ ተጀምሮ ማለቅ አለበት። ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ሲደርሰው በወጉ ይነዳል። አየሩ ከበዛ ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። እሳቱ ሳይጠፋ የመግቢያው ቫልቭ ለሚቀጥለው ዙር ሲከፈት ነበልባሉ ገና እየገባ ያለውን ድብልቅ ያገኘዋል፤ ካርቡራቶሩም «ጢሽ» ብሎ ያስነጥሳል። ተመላሽ እሳት ይህ ነው።

የማርሚታው ተኩስ መነሻው ሌላ ነው። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ አንድ ዙር ከሳተ ወይም ቤንዚኑ ከመጠን በላይ ከሆነ ያልተቃጠለው ትርፍ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ማርሚታው የጋለ ነው። በመገጣጠሚያው ቀዳዳ አየር ካገኘ፣ ወይም ከኋላው የሚመጣው ቃጠሎ ከደረሰበት፣ እዚያው ይፈነዳል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ የሚሰማው «ጧ ጧ» አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ጭፍራ ለሁለቱም የተመቸች አገር ናት። ከተማዋ ከወልዲያ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደጋዋ ደሴ ግን 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መካኒኩ ሞተሩ እንዳይታፈን ቤንዚኑን ቀነስ አድርጎ ይሠራዋል። ያው ሞተር ቆላ ሲወርድ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው በደጋው ልክ ነው። ሙቀቱ አየሩን ትንሽ ያሳሳዋል እንጂ ልዩነቱን አይሞላውም። «ደሴ እያለ ደህና ነበር፣ እዚህ መጥቶ አመል አወጣ» የሚባለው ሞተር ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፣ ከአገሩ ጋር አልተስማማም። ወደ ሰመራ ከወረደ ደግሞ ይብሳል፤ እሷ 400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው።

ቀጥሎ አቧራው ነው። ብዙዎች አቧራ የሚዘጋው የአየር ማጣሪያውን ብቻ ይመስላቸዋል። ማጣሪያ ሲዘጋ አየር ያንሳል፣ ቤንዚን ይበዛል፤ ጥቁር ጭስና የማርሚታ ተኩስ ይመጣል። ነገር ግን ያው አቧራ የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ቀጭን መተንፈሻም ይደፍናል። ታንከሩ አየር ካልሳበ ቤንዚን አይለቅም፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ያስነጥሳል። ክዳኑን ከፍተው «ፍስስ» ካለና ሞተሩ ወዲያው ከተሻለው ብልሽቱ ተገኘ፤ ለዚህ ካርቡራቶር ማውረድ አያስፈልግም። ክዳኑን በቤንዚን አጥቦ መተንፈሻውን በቀጭን ሽቦ መጥረግ ነው።

ቤንዚኑም ራሱ ይጠረጠራል። የጅቡቲው ነዳጅ ቦቴ በሚሌ በኩል ሽው እያለ ያልፋል፤ ከማደያ ራቅ ያለው ባለ ባጃጅ ግን የሚቀዳው ከጀሪካን ወይም ከሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን ሞተሩን ያንገጫግጨዋል። ጥርት ባለ ጠርሙስ ቀድቶ ጥቂት ማቆየት ነው፤ ውኃው ከሥር ተለይቶ ይተኛል። ነጭ ጋዙ ግን አይለይም። ጥቂት ጠብታ ወረቀት ላይ ቢደረግ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ የቅባት ጥላ ትቶ ይቆያል።

እቤት ከሚሠራው ፍተሻ ሁሉ የምወደው ግን ቾኩን መሳብ ነው። ምንም አይፈታም፣ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩ ሞቆ እየተንተፋተፈ ሳለ አየር የሚቀንሰውን ቾክ ትንሽ መሳብ። ድምፁ ከተስተካከለ ድብልቁ ሳስቶ ነበር ማለት ነው፤ ከባሰበት ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል። የሳሳ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ካርቡራቶሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘው ጎማ ነው። የአፋር ፀሐይ ጎማ ያደርቃል፤ ሲያጥፉት ብቻ የሚታይ ስንጥቅ ይኖረዋል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እየሠራ ሳሙና ያለው ውኃ ጠብ ሲያደርጉበት ድምፁ ከተለወጠ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ቤንዚን ረጭቶ የሚፈትን አለ፤ በሚያስነጥስ ሞተር ላይ እንዲህ ማድረግ እሳት መጥራት ነው። ማጣሪያውን አውልቆ ካርቡራቶሩ ላይ አጎንብሶ ማስነሳትም ያው ነው፤ ቅንድብ የሚሄደው እንዲህ ነው።

ጎማው ደህና ከሆነ ካርቡራቶሩ ወርዶ የሚኒሞው ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ ይታያል። ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩት ክብ ሆኖ ካልበራ ተዘግቷል። በመርፌ መጎርጎር ግን አይገባም፤ ቀዳዳው ከሰፋ መለኪያው ጠፋ። በቤንዚን አጥቦ በፓምፕ መንፋት ይበቃዋል።

ካንዴላውም ይመሰክራል። ጫፉ ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው፣ ነጣ ካለ ድብልቁ ሳስቷል፣ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ክፍተቱ በነዚህ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። እሳቱን ለማየት ካንዴላውን አውጥቶ ከሶኬቱ ጋር እንዳለ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነክቶ ማስነሳት ነው፤ የቤንዚን ጀሪካን በአጠገብ አይኑር። ሰማያዊና የሚጮህ ብልጭታ ጥሩ ነው። ቀልቶ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀልና ገመዱ ይታይ፤ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ቦቢና መግዛት ኋላ ይደረስበታል። ቦቢና ያለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

የማርሚታ ተኩስ ብቻ ከሆነ ማርሚታው ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይታይ። በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የሾለከ ከሆነ በዙሪያው ግራጫ የጥላሸት ጭረት ይተዋል። ጓርኒሲዮን መለወጥ ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ነው።

ቫልቭ ማስተካከል መለኪያው ላለውና ቀድሞ ላደረገው ሰው እቤት የሚሠራ ነው፤ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ ነው የሚለካው፣ ልኩም ከዚያው ሞተር መመሪያ ይወሰዳል። የጠበቀ የመግቢያ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ እሳቱን በካርቡራቶሩ በኩል ይመልሳል። የመውጫው ከሆነ ተኩሱ በማርሚታ ነው። እዚህም ሁለቱ ስሞች ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይመራሉ።

ይህ ፍተሻ ካርቡራቶር ላላቸው ሞተሮች ነው። በኮምፒዩተር ነዳጅ የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ግን ከካንዴላ፣ ከማጣሪያና ከሚሾልክ ጎማ ያለፈውን ለማየት መመርመሪያ መሣሪያ ይፈልጋሉ።

ይህ ሁሉ ታይቶ እሳቱ አሁንም በካርቡራቶሩ በኩል የሚመለስ ከሆነ፣ በተለይም ሞተሩ ሲነሳ እግር መልሶ የሚመታ ከሆነ፣ ብልጭታው የሚመጣው ወይም ቫልቮቹ የሚከፈቱት ያለጊዜው ነው። ወይ የቫልቩ ካቴና አንድ ጥርስ ዘሏል፣ ወይ ቮላኖውን (የሞተሩን መዘውር) ከዘንጉ ጋር የሚይዘው ትንሽ ብረት ተቆርጧል። ቮላኖ ለማውጣት ልዩ መፍቻ አለው፤ በመዶሻ የሚወርድ አይደለም። ያኔ ለመካኒኩ ስልክ ተደውሎ «ባክፋየር ያደርጋል» ከማለት «እሳት በካርቡራቶሩ ይመለሳል፣ ሲነሳ እግር ይመታል፣ ካንዴላውና ጎማው ታይቷል» ቢባል ይሻላል፤ ምን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል።